የእናታችን ስም ከድንበር ወዲያ

እናታችን ሊዮኒ ከሞተች በኋላ በሁለት አገር ተመዘገበች። በሆላንድ የታላቁ ወንድሜ የቴይ ሆነች፤ በጀርመን የተከታዩ ወንድሜ የፉንስ። እኔ ፊን፣ የመጨረሻዋ ልጅ፣ ምንም አልደረሰኝም። ሴት ልጅ ድስት ታማስል ተባለ፤ አማሰልኩ። ቅር አላለኝም ብል ግን ውሸቴን ነው።

አባታችን የፖምና የፒር ጭማቂ በትልቅ የመዳብ ድስት እያፈላ፣ ጠቁሮና ወፍሮ ከማንኪያ ላይ አልወርድ እስኪል ድረስ እያማሰለ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ስትሮፕ ይሠራ ነበር። የስትሮፑ ቆርቆሮ ላይ የእናታችን ፎቶ አለ፤ ሻሽ አስራለች፣ በግማሽ አፏ ፈገግ ብላለች። ከሥሯ «ሊዮኒ» ይላል፤ የቤታችን የንግድ ምልክት ይህ ስምና ፊት ነው። ለምን በግማሽ አፏ እንደሳቀች ስትጠየቅ፣ «አባታችሁ ፎቶ ሲያነሳኝ ድስቱ እያረረ ነበራ» ትል ነበር። ያን ቆርቆሮ የማያውቅ የአካባቢው ሰው አልነበረም፤ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም።

ቤታችን ሆላንድ ነው። የፖም ማሳችን አጥር ግን ጀርመንን ይነካል። ፉንስ ኢርምጋርድን ሲያገባ ተሻገረ ይባላል እንጂ፣ ከማእድ ቤታችን መስኮት የአማቶቹ ቤት ጭስ ይታይ ነበር። አባታችን የመሄጃው ጊዜ ሲደርስ ሁለቱን ድስቱ አጠገብ ጠራቸው።

«ቴይ፣ ድስቱና ሆላንድ ያንተ ነው» አለ። «ፉንስ፣ አንተ ወዲያ ተሻግረህ ጎጆ ወጥተሃል። የጀርመኑን ስም ውሰድ፤ የራስህን ድስት ግዛ። አንዳችሁ በአንዳችሁ ደጅ ቆርቆሮ እንዳታስቀምጡ። ወንድማማች አንድ ገበያ ሲወጣ መጀመሪያ በዋጋ ይጣላል፤ ቀጥሎ ሚስቶች ይጣላሉ፤ በመጨረሻ ለገና አብሮ አይበላም። በሉ ለቃላችሁ እጅ ተሰጣጡ።»

ተሰጣጡ። እኔ ማማሰያውን ይዤ ቆሜ ነበር። በኋላ ቴይ ከተማ ወርዶ የጀርመኑን ስም በወንድሙ ስም አዛወረለት። ስለ እጅ መሰጣጠቱ ግን ማንም የጻፈው ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ነገር በእኛ አፍ «አፍስፕራክ» እንለዋለን። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያለው ሰው አፍስፕራክ አለኝ ይላል፤ የታጩ ልጆችም አፍስፕራክ አላቸው። ቃል ማለት ነው። አባታችን ደግሞ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ዓይነት ሰው ነበር።

ከዚያ ድንበሩ ተከፈተ። ቀራጮቹ ሄዱ፤ ይቆሙበት የነበረው ደሳሳ ቤት የድንች ጥብስ መሸጫ ሆነ። አውሮፓ አንድ ገበያ ሆናለች ተባለ። ለቴይና ለፉንስ ግን አልሆነችም። የጀርመን ባለሱቆች ቴይ ዘንድ እየመጡ ስትሮፕ ስጠን ሲሉት፣ «ፉንስ ጋ ሂዱ» ይላቸዋል።

«የፉንስ እኮ አረር አረር ይላል።»

«አውቃለሁ። ግን ወንድሜ ነው።»

የሆላንድ ሰው ፉንስ ዘንድ ሲሄድም እንደዚያው ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዱ ሞኞች ናቸው እያለ ይስቅባቸው ነበር። እኔ ግን በሁለቱ እኮራ ነበር።

እሁድ እሁድ አብረን እንበላለን፤ አንድ ሳምንት እኛ ቤት፣ አንድ ሳምንት እነሱ ቤት።

«የዘንድሮው ስትሮፕህ ጫማ ይወለወልበታል» ይላል ቴይ።

«ያንተስ? ሆዱን ለታመመ ሕፃን የሚሰጥ ውሃ ነው» ይላል ፉንስ።

«ሕፃኑ ግን ይድናል።»

«ባይጠጣውም ይድን ነበር።»

«ሥጋው ቀዘቀዘ» ትላለች ኢርምጋርድ። «እናንተን የወለደች ሴት እንዴት በግማሽ አፏም ቢሆን ሳቀች?»

ያኔ ደስተኛ ነበርኩ። ባል አላገባሁም፤ ልጅ የለኝም፤ ያ ገበታ ነበር ያለኝ። እንዳይፈርስብኝ እንጂ እንዲጨመርልኝ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን የፉንስ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሞቹ ይህ በሽታ አይመለስም አሉ። ልጁ ሃምቡርግ ትኖራለች፤ ድስት አልፈልግም ብላለች። አንድ እሁድ ሹካውን አስቀምጦ፣ የጀርመኑን ስም ለአንድ ትልቅ የምግብ ፋብሪካ መሸጡን ነገረን።

ቴይ ማኘኩን አቆመ። «እናታችንን ሸጥካት?»

«ስሟን ነው የሸጥኩት።»

«ስሟ ማን ሆነና?»

ፉንስ ሹካውን እንደገና አንስቶ አሳየው፤ ሹካው ከሳህኑ ጋር ይንቀጫቀጫል። ቴይ አየው። ከዚያ የወንድሙን ሳህን ወደ ራሱ ስቦ ሥጋውን በትንንሹ ቆረጠለትና መልሶ ገፋለት። በዚያ አለፈ። ቴይ ቂመኛ ነው የሚሉኝ ሰዎች ያን ቀን ቢያዩት ኖሮ እላለሁ።

ፋብሪካው አዲስ ቆርቆሮ አወጣ። ሻሿን አውልቀውባታል፤ ፀጉሯን ሠርተዋታል፤ ከንፈሯን ቀብተዋታል። አፏን ሞልታ ትስቃለች፤ እናቴ በሕይወቷ ያልነበራትን ጥርስ አበቀሉላት። በውስጡ ያለው የስኳር ውሃ ነው፤ ፖም በሩቁ ያየ። ቴይ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ወጣና ማሳው ውስጥ ተፋው።  

ከድንበሩ ወዲያ ካለችው የጀርመን ከተማ፣ ከአኽን፣ ባለሱቆች እንደገና መጡ። ቴይ መጀመሪያ የሄደው ፉንስ ዘንድ ነው።

«ልሸጥላቸው?» አለው።

«እኔ ከገበያው ወጥቻለሁ። ምኑን ነው የምትጠይቀኝ?»

«ቃሌ ካንተ ጋር ነው። ከፋብሪካ ጋር ቃል የለኝም። አንተ እሺ ካልክ ነው።»

«እሺ ብያለሁ። የአኽን አሮጊቶች ሰው የሚበላው ነገር ይብሉ።»

ስለዚህ ቴይ ቆርቆሮዎቹን ጭኖ ተሻገረ። ባለ ሻሿ እናቴ አኽን ገብታ ሳምንት ሳይሞላት አለቀች። ሁለተኛው ጭነት ሲደርስ የፋብሪካው ጠበቆች ደረሱ። ቆርቆሮዎቹ ከመደርደሪያ ወረዱ፤ ቴይ ተከሰሰ። የሰው ስም ይዞ ገበያ ወጥቷል ተባለ።

ጠበቃ ያዝን። ዶክተር ሆልትካምፕ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ የሕግ ዶክተር ናት።

«ድንበሩ ክፍት ነው አይደል?» አላት ቴይ። «ላም ትሻገራለች፤ ሌባ ይሻገራል፤ የፖላንድ ቋሊማ እኛ ሱቅ ድረስ ይመጣል። የእኔ ቆርቆሮ ብቻ ነው የማይሻገረው?»

«ዕቃ በነፃ ይሻገራል» አለች። «ባለስሙ ዕቃውን አንዴ ከሸጠ በኋላ፣ በስሜ ነውና ይመለስ ማለት አይችልም። ይህ ግን ስሙ ወዲህም ወዲያም የአንድ ሰው ሲሆን ነው። የእርስዎ ስም ባለቤቱ ሁለት ነው። ወዲህ እርስዎ፣ ወዲያ እነሱ። እነሱ ደጅ ላይ እነሱን ሳያስፈቅዱ መሸጥ አይችሉም።»

«ፊቱ የእናቴ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም አያቴ ቤት በልቼዋለሁ።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንድ በር አለ። የውድድር ሕግ የሚባል አለ፤ ነጋዴዎች ተመሳጥረው ገበያ እንዳይከፋፈሉ የሚከለክል። ከወንድምዎ ጋር ተመሳጥራችሁ ነበር?»

ቴይ ሳቀ። «የሚመሳጠሩት ነዳጅ የሚሸጡት ናቸው። እኛ ፖም ነው የምንቀቅለው።»

«ተመሳጥራችሁ ቢሆን ኖሮ የስሙ ዝውውር ይፈርስ ነበር፤ ፋብሪካውም እርስዎን ማስቆም አይችልም ነበር።»

«ፉንስስ?»

«እሱ የራሱ ያልሆነ ነገር እንደሸጠ ይቆጠራል። ፋብሪካው ወደ እሱ ይዞርበታል።»

«እንግዲያው ጥሩ፤ አልተመሳጠርንም» አለ ቴይ፣ ባርኔጣውን እያነሳ።

እኔም ምንም አልመሰለኝም። በአባት ፊት እጅ መሰጣጠት የሕግ ስም ይኖረዋል ብሎ ማን ያስባል?

ፉንስ በፋብሪካው በኩል ምስክር ሆኖ ተጠራ፤ ስሙን በሕጋዊ መንገድ ሸጦልናል ብሎ እንዲያስረዳ። ከቀጠሮው በፊት ልጠይቀው ሄድኩ። ኢርምጋርድ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰችው ነበር።

«ቴይ እንዲያሸንፍ ነው የምፈልገው» አለኝ። «እንደ ምንም ብሎ ያሸንፍ። አንድ ነገር ብቻ ለምኚልኝ። በመካከላችን ዱለታ ነበር እንዳይል። እዚህ አገር ያ ቃል ሰውን ያጠፋል። ፋብሪካው ቤቴን ነው የሚወስደው፤ ኢርምጋርድን የት ትቻት እሄዳለሁ?»

መልእክቱን አደረስኩ። ቴይ ተቆጣ። «ምን ዱለታ? ዱለታ ከየት አመጣ? ስሙን በክፉ እንደማላነሳው ንገሪው።»

በጀርመኑ ችሎት ቀን ቴይ ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን አሳምሮ ገባ። ዳኛው ጨዋ ሰው ነው፤ ቴይ ሽማግሌ መሆኑን አይቶ በቀስታ ነው የሚጠይቀው። ቴይ በሆላንድም በጀርመንም መንደሮች በሚነገረው በእኛው አፍ፣ ጀርመንኛ እየቀላቀለ መለሰ። አብዛኛው ነገር ደኅና ሄደ። መጨረሻ ላይ ዳኛው መነጽሩን አውልቆ እንዲህ አለው።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ድንበሩ ከተከፈተ ብዙ ዘመን ሆነ። ወንድምዎ ስሙን እስኪሸጥ ድረስ አንድ ቆርቆሮ እንኳ ወደ ጀርመን አልላኩም። ለምን?»

ወንድሜ ደረቱን ነፋ። አውቀዋለሁ፤ በሕይወቱ ሙሉ ይህን የሚጠይቀው ሰው ሲፈልግ ነው የኖረው።

«ክቡር ዳኛ፣ የከለከለኝ ሰው አልነበረም» አለ። «እኔና ወንድሜ ግን አፍስፕራክ ነበረን። እጅ ለእጅ ተሰጣጥተን። እሱ በእኔ ደጅ አንድ አልሸጠም፤ እኔም በእሱ ደጅ አንድ አልሸጥኩም። እንዲህ ያለ ወንድም ያለው ሰው ስንት ነው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዶክተር ሆልትካምፕ ቀና አለች። የፋብሪካው ጠበቆች እርስ በርስ ተያዩ። አጥሩን ተሻግረህ ያንኑ ቃል ትንሽ ጠንከር አድርገህ ስትለው «አብሽፕራኸ» ይሆናል፤ እነሱ ዘንድ ሲሚንቶ ሻጮች በር ዘግተው ዋጋ ሲቆርጡ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ቃል ነው። ዱለታ ማለት ነው። ጸሐፊዋ የጻፈችው እሱን ነው። ቴይ ግን ፈገግ ብሎ ቆሟል፤ ወንድሙን ያመሰገነ መስሎታል።

ፉንስን አስነሱት። እጁ እንዳይታይ ጠረጴዛውን ጨብጦ ቆመ። ዳኛው፣ እውነቱን ለመናገር መማሉን አስታውሶት ጠየቀው።

«ከወንድምዎ ጋር እንዲህ ያለ አብሽፕራኸ ነበራችሁ?»

ፉንስ ቴይን አየው። ቴይ ራሱን ነቀነቀለት፤ በል ንገራቸው እንደማለት። ያ ፈገግታው እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላዋል።

«አልነበረንም» አለ ፉንስ።

«ምንም ዓይነት?»

«ምንም። እኔና እሱ ስለ ገበያ አንድም ነገር ተነጋግረን አናውቅም።»

የቴይ ፊት ሲለወጥ አየሁ። መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ ተቀመጠ፤ ማንም ተቀመጥ ሳይለው።

ስንወጣ ቴይ ኮሪደሩ ላይ ፉንስን ጠበቀው።

«አባታችን ፊት እጅህን አልሰጠኸኝም?»

«ዳኛ ፊት ዱለተኛ አልከኝ!» አለ ፉንስ።  «ለምኜህ ነበር እኮ! ፊን፣ አልነገርሽውም?»

«ዱለታ የሚባል ነገር አልወጣኝም። አፍስፕራክ አልኩ!»

«ታዲያ እሱ ምንድን ነው?»

«ምንድን ነው? አንተ ምንድን ነው ትለኛለህ?»

በመካከላቸው ገብቼ፣ አንድ ቃል ነው ያጣላችሁ፣ እሱ ሌላ ብሎ አንተ ሌላ ሰምተህ ነው እያልኩ ጮኽኩ። ማንም አልሰማኝም። ኢርምጋርድ እያለቀሰች ባሏን ወደ ደረጃው ወሰደችው።

ፍርዱ ሲመጣ ቴይ ተረታ። አንዱ ነበረን ይላል፣ ሌላው ምሎ አልነበረንም ይላል፣ ማስረጃ የለም ተባለ። የስሙ ዝውውር ጸና። ባለ ሻሿ እናቴ ከጀርመን ተባረረች። ቴይ ፍርዱን እንኳ አላነበበውም። ስለ ቆርቆሮው አንድ ቀን እንኳ ሲያማርር አልሰማሁትም። የእሱ ነገር ሌላ ነበር።

«ካደኝ» ይለኛል፣ እያማሰለ። «ሕይወቴን ሙሉ የጠበቅኩትን ቃል፣ አልነበረም አለኝ።»

«በእነሱ ቋንቋ ሌላ ነገር ማለት ነው አልኩህ።»

«ፉንስ የእነሱ ነው ወይስ የእኛ?»

ፉንስ ዘንድ ስሄድ ደግሞ እሱ፣ «ቴይ ጀርመንኛ አሳምሮ ያውቃል፤ ያለውን ያውቃል» ይለኛል። ሁለቱም ለእኔ ሲሉኝ እውነታቸውን ነበር፤ እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። አንዱ ቢዋሸኝ ኖሮ ይዤ እቆጣው ነበር። የእሁዱ ገበታ ቀረ። አንድ እሁድ እዚህ፣ አንድ እሁድ እዚያ፣ እኔ ብቻ እየተመላለስኩ ከአንዱ ጋር በላሁ። ሥጋው ሲቀዘቅዝ የሚናገር ሰው አልነበረም።

በፖም ለቀማው ሰሞን ፉንስ መዋጥ አቃተው። ሐኪሙ ለኢርምጋርድ እውነቱን ነገራት። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሳለ ቀስ እያለ፣ ቃላቱን እየለቀመ ተናገረ።

«ለቴይ እንዲህ በይልኝ። እዚያ የካድኩት በጀርመንኛ ነው። በእኛ አፍ አልካድኩትም። በእኛ አፍ ቢጠይቀኝ፣ ነበረን እለዋለሁ።»

ይዤ የሮጥኩት ስለት የሰመረላት ሴት ሆኜ ነው። ቴይ ማሳው ጠርዝ ላይ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ፒር እየለየ ነበር፤ የበሰበሰውን ወዲያ፣ ደኅናውን ወዲህ። ፊቱ ቆሜ አንድም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። እጁ ቆመ። አሁን ይነሳል ብዬ ኮቱን በዓይኔ ፈለግኩ።

«እኔ ጀርመንኛ አልችልም» አለና መልቀሙን ቀጠለ።

«ሰውዬው እየሞተ ነው ቴይ።»

«ፒሩ ይበላሻል። ሂጂ ፊን።»

ሰደብኩት። አባቴ ቢሰማኝ በጥፊ የሚለኝን ስድብ ነው የሰደብኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

በማግስቱ ፉንስ ገና ከበር ስገባ፣ «ነገርሽው?» አለኝ።

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን እያደረገ ነበር?»

«ፒር እየለየ ነበር።»

ፉንስ ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። «እንግዲያው ሲጨርስ ይመጣል። አውቀዋለሁ፤ ሥራ ጥሎ አይነሳም።» ከዚያ ኢርምጋርድን ጠርቶ ላጪኝ አላት። ላጨችው። ነጭ ሸሚዝ አለበሰችውና መንገዱ ወደሚታይበት መስኮት ወንበሩን አዞረችለት። ምን ልበለው? ቴይ ያለኝን ደበቅኩት። በማግስቱም ተላጨ። ከዚያም በማግስቱ። ጉንጩ ከስቶ ምላጩ ቆዳውን እየቆረጠው እንኳ፣ ቴይ ጢሜ አድጎ ካየ ይስቅብኛል እያለ ተላጨ። ፒሩ ሳያልቅ ሞተ።

ለቴይ የነገርኩት እኔ ነኝ። ድስቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። ማማሰያውን አልለቀቀም፤ ማማሰሉን ግን አቆመ።

«ስለ እኔ ጠይቆ ነበር?» አለኝ።

«በየቀኑ እየተላጨ መስኮት ላይ ይጠብቅህ ነበር።»

ስትሮፑ ከሥሩ መያዝ ጀመረ፤ ሽታው መጣ። እኔ አላማሰልኩም። እሱም አላማሰለም። ትልቁ ወንድሜ፣ ስንት ዘመን ሲያለቅስ ያላየሁት ሰው፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንደ ልጅ አነባ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«ነገርኩህ እኮ ቴይ።»

«በደንብ አልነገርሽኝም» አለ። እስከ ዛሬም እንደዚያ ነው የሚለው፤ እኔም መልስ መስጠቱን ትቻለሁ።